ደቻቱ ሞልቶ የዋለ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ፓፓያ እየላጥኩ ስልኬ ጮኸ። የጎረቤቴ የዘይነባ ልጅ ኑረዲን ነው፤ ሚስቱ ትናንት ወልዳለች።

«አክስቴ፣ የልጄ እጅና እግር ሰማያዊ ሆነብኝ!»

«ከንፈሩና ምላሱስ?»

«ቀይ ነው።»

«ይጠባል?»

«አቦ፣ እናቱን ጨረሳት!»

«በል ጠቅልለው፣ መጣሁ» አልኩትና ሳቄ አመለጠኝ። እሱንም ሲወለድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ጋሪ ላይ።

ያኔ የነርስ ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን የጽንስን የደም ዝውውር ያስረዳን በድሬዳዋው ወንዝ በደቻቱ እየመሰለ ነው። ወንዙ ሲደርቅ ድሬ ውስጥ ድልድይ ማን ይፈልጋል? ሁሉም በአሸዋው ያቋርጣል። ጽንስም ኦክስጅን በእትብት ከእናቱ ስለሚያገኝ፣ አብዛኛው ደሙ ሳንባን ትቶ በልቡ ውስጥ ባለች ቀዳዳና በሌላ አቋራጭ ያልፋል። ተወልዶ ሲተነፍስ ግን ሳንባው ይከፈታል፣ አቋራጩም መዘጋት ይጀምራል። ለፈተና ሸመደድኩት እንጂ፣ እውነት ለመናገር፣ አልዋጥልሽ ብሎኝ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ይህ ሁሉ?

ክረምት ላይ ዘይነባን ምጥ ያዛት። ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር ጋሪ ጠርቼ ይዣት ወጣሁ። ደቻቱ ስንደርስ ከሐረር ተራሮች የወረደ ውሃ አሸዋውን ሞልቶታል። ወደ ድልድዩ ስንዞር «መጣ! ወላሂ መጣ!» ብላ ክንዴን ነከሰችኝ። ባለጋሪው አሊ ፈረሱን አቁሞ ፊቱን አዞረ። ማንጎ ገዝተው ከቀፊራ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሻርፓቸውን ዘርግተው ከለሉን።

ልጁ ወጣ፤ ግን ዝም አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው።

«እትብቱን ቁረጪው እንጂ!» አለች አንዷ። አሊም ሳይዞር ሰንጢውን አቀበለኝ።

«ማንም እንዳይነካው!» ብዬ ጮህኩ። እትብቱ በጣቶቼ መካከል ድም፣ ድም ይላል፤ እናቱ ገና እየተነፈሰችለት ነው። ጀርባውን በሻርፕ አሸሁት፣ አሸሁት። «አልቅስ የኔ ጌታ! አልቅስ፣ አቦ!»

አለቀሰ! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዓይኔ እያየ ከንፈሩ ቀላ፣ ከዚያ ደረቱ፤ እትብቱም ቀስ እያለ ጸጥ አለ። ደሙ እስኪዳረስ እጅና እግሩ ብቻ ሰማያዊ እንደሆኑ ቆዩ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ሴቶቹ ማንጎ እያጎረሱን በድልድዩ ተሻገርን።

ዛሬ ስደርስ የሕፃኑ መዳፍ ሞቆ ቀልቷል። ይህንኑ ታሪክ ብነግረው ኑረዲን መች ያርፋል!

«ቀዳዳው በራሱ ይዘጋል? እርግጠኛ ነሽ? ሐኪም ልጥራ?»

«አንተ፣ አፍህን ለመክፈት የዘገየኸው ያን ዕለት ብቻ ነው» አልኩት።

አያት የሆነችው ዘይነባ ከት ብላ ሳቀች። «ተዪው ይለፍልፍ» አለችኝ፣ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ያን ቀን የለመንነው ይሄንኑ ድምፅ አይደል?»