ጉዳይ የሌለው ጥሪ

አጎቴ ሲደውሉልኝ ጉዳይ ኖሯቸው አያውቅም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከአማኑኤል ከተማ ይደውሉና ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ። ሁሉም ደኅና መሆኑን ስነግራቸው እንደገና ከጤናዬ ይጀምራሉ። ከዚያ "በል ደኅና ዋል" ብለው ይዘጋሉ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ የመሥሪያ ቤታችንን ኔትወርክ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከአማኑኤል ቅርንጫፍ ጋር የምንገናኘው በስልክ መስመር ነው፤ የሚላክ መረጃ ሲኖር ራውተር የሚባለው አገናኝ መሣሪያ ራሱ ይደውላል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። አንድ ሰሞን ግን ቢሮው ተዘግቶም መስመሩ አልዘጋ አለ። ለካ የሁለቱ ቢሮ ራውተሮች የሚደዋወሉት "አለሁ፣ አለህ ወይ" ለመባባል ኖሯል። መረጃው የሚሄድበትን መንገድ እኔው በቋሚነት ጽፌ ሰጠኋቸውና ለሰላምታ እንዳይደውሉ ከለከልኳቸው።

እሑድ ይህንኑ ለአጎቴ አጫወትኳቸው።

"ታዲያ ደኅንነቱን ሳይጠይቀው ምኑን ይልክለታል?"

"ጋሼ፣ ዕቃ እኮ ነው።"

"ይሁን። እኔን ግን እንዳትከለክለኝ።"

አጎቴ ካረፉ ወዲህም እሑድ እሑድ ስልኬ ይጮኻል። አንስቼ "እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደኅና?" ስል፣ የደወለው ሰው "ደኅና ነን፤ ለአንድ ጉዳይ ፈልጌህ ነበር" ይለኛል።