የኮምፒዩተሩ ዳንቴል

የማይሠራ ኮምፒዩተር ዳንቴል ለብሶ በሳሎናችን የክብር ቦታ ለምን እንደ ተቀመጠ ጠይቀኸኛል። እናቴ ዳንቴሉን በየበዓሉ ዋዜማ ታጥበዋለች። በስኳር ውኃ ነክራ ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ሲደርቅ ጠርዙ እንደ ወረቀት ይቆማል። ያ ጣፋጭ፣ ጥቂት ያረረ የሚመስል ሽታ በመጣ ቁጥር ያ ዓመት ይመለስብኛል።

ማስተር ፕላኑ የሁሉ ሰው ወሬ የነበረበት ጊዜ ነው። ከተማው ወደ እኛ ወደ ቡራዩ እየመጣ ነው ይባል ነበር፤ ትፈልጉታላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም። ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን በድንጋይና በሚነድ ጎማ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲው በመታወኩ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን የምጽፈው ቤት ነበር። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርቅ ይላል። የማውሱ ቀስት ባለበት ይቀራል፤ የትኛውንም ቁልፍ ብጫን አይሰማም፤ ያላስቀመጥሁት ገጽ ሁሉ ይጠፋል።

ታናሽ ወንድሜ የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ነበር። «ዶክተር፣ ጽሑፍሽ ከብዶት ነው ስታክ የሚያደርገው» ይለኛል፤ ያኔ ገና ዶክተር አልነበርሁም። ሥራውን የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ ዳንቴሉን ያነሣል፣ አጥፎ ትከሻው ላይ ያኖረዋል፣ ከዚያ የሳጥኑን ጎን ይፈታል። ራሙን አውጥቶ ወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ ይፈገፍጋል። አንድ ነገር ከነካ በኋላ ሌላ ሳይነካ ይጠብቃል። የላጲስ ፍርፋሪና የሞቀ አቧራ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አቧራውን አንድ በአንድ ያሳያል። ማሽኑ በእሱ ፊት አንድም ጊዜ ድርቅ ብሎ አያውቅም።

«እኔን ይፈራኛል» ይላል እየሳቀ። «አንቺን ግን ንቆሻል።»

እሱ ሲወጣ እናቴ ዳንቴሉን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ዕቃ ራቁቱን ሲታይ አትወድም።

አንድ ረፋድ ላይ ማሽኑ ድርቅ እንዳለ ጠራሁት። እንደ ልማዱ ዳንቴሉን ትከሻው ላይ አድርጎ እጁን የሳጥኑ ጀርባ ላይ አሳረፈ። «ይግላል» አለ። «በቃ፣ ፋኑ ነው። ደክሟል።» አዲስ ፋን ለመግዛት ወደ መሐል ከተማ ሊሄድ ተነሣ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ መንገዱ ይረጋጋ። ነገ ትሄዳለህ።»

«እማ፣ ዶክተራችን የምታስረክብበት ቀን ደርሷል። በመስኩ አቋርጣለሁ፤ ማን ያየኛል?»

«ምሳህንስ?»

«ስመለስ።»

ዳንቴሉን ከትከሻው አውርዶ በእጇ አስያዛት።

ሊመሽ ሲል ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ መጡ፤ አልቀመጥም አሉ። «ልጅሽን መስኩ ጫፍ ላይ ከሌሎች ወጣቶች ጋር መኪና ላይ ሲጭኑት አየሁ። እየተመለሰ ነበር። ትንሽ ካርቶን ይዟል፤ ሲገፉት እንኳ አልጣላትም።»

«ምን አድርጎ ነው ብለው አልጠየቋቸውም፣ ኦቦ?» አልኋቸው።

«ማንን ልጠይቅ፣ ልጄ?»

ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ጣቢያ ለጣቢያ ዞርን። «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ የለም» አሉን። በየበሩ ያው ዐረፍተ ነገር ነበር፤ አንድ ቃል እንኳ አልተለወጠም። እስከ ዛሬም አልተለወጠም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ተቀመጥሁ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዳንቴሉን አምጥታ ሳጥኑን አለበሰችው። «አቧራ አይግባበት። ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በስኳር የደረቀው ጠርዝ በጀርባ ወርዶ የአየር መውጫውን ደፈነው። የፋኑ ድምፅ ታፈነ። ጥቂት ቆይቶ ቀስቱ ቆመ።

ዳንቴሉን አነሣሁት፤ ማሽኑ ቀዘቀዘ፣ ሠራ። መለስሁት፤ ጋለ፣ ደረቀ። ደገምሁት። ለጥርጣሬ ቦታ የሚተው ውጤት አልነበረም። ፋኑ ደኅና ነበር። ወንድሜ የሚፈልገውን ጥፋት፣ ፍለጋውን በጀመረ ቁጥር፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ነበር።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ዳንቴሉን በእጄ አየችው።

«አገኘሽው እንዴ? ምኑ ነበር?»

«ፋኑ ነው፣ እማ» አልኋት። «እሱ እንዳለው።»

«እሱ እኮ ያውቃል» አለች። ወንድሜ ከተወሰደበት ቀን ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጽሑፌን የጨረስሁት እሷ በሌለችበት ዳንቴሉን እያነሣሁ፣ ኮቴዋን ስሰማ እየመለስሁ ነው። አሁን በእርግጥም ዶክተር ይሉኛል፤ እንደ እሱ አድርጎ የሚጠራኝ ግን የለም። ኮምፒዩተሩም ከተነቀለ ቆይቷል፤ ሽፋኑ ከእንግዲህ አይጎዳውም። በየዋዜማው እናቴ ዳንቴሉን ከፀሐይ አንሥታ ታመጣዋለች፤ እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እናለብሰዋለን።

«ወደ ኋላ ሳቢው» ትለኛለች፤ «ጀርባው እንዳይቀር።»

እስብላታለሁ።