የጨለቆት እሁዶች

ብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ሳልፍ በፀሐይ የሞቀ ዘይትና ጎማ ከሸተተኝ፣ እግሬ ሳላዘው ይቆማል፤ መንገደኛ ገፍቶኝ እስኪያልፍ ድረስም ወዴት እየሄድኩ እንደነበር እረሳለሁ። ያ ሽታ የአባቴ የእሁድ ሽታ ነው። በሌላው ቀን አባቴ የሚሸተው አዲስ አቡጀዲና የከሰል ካውያ ነበር፣ ልብስ ሰፊ ነበርና።

አባቴ አለሙ የአምባሰል ሰው ነበር። በወጣትነቱ ከነጋዴዎች ጋር መቀሌ መጥቶ፣ ገበያው አጠገብ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ እናቴን ለተብርሃንን አግብቶ በዚያው ቀረ። ቤታችን ውስጥ እሱ በአማርኛ ሲናገር እሷ በትግርኛ ትመልስ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ግርማይ ደግሞ ሁለቱን እየቀላቀልን እናስቃቸው ነበር። እናታችንን «አደይ»፣ አባታችንን «አባባ» ነበር የምንላቸው። በግርማይና በእኔ መካከል የተወለዱት ሁለት ልጆች ስላላደጉ፣ ግርማይ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኝ ነበር። መኪና ይወድ ነበር። የጣልያን የጭነት መኪኖች በገበያው በኩል ሲያልፉ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ የእያንዳንዱን ድምፅ በአፉ እያስመሰለ ያሰማኝ ነበር፤ ኋላም የጣልያን ካምፕ ውስጥ ጫኝ ሆኖ ገባ። የጦርነቱ ወሬ በጠነከረበት ጥር መኪኖቹ ወደ ሰሜን ሲነሱ አብሮ እንዲሄድ ታዘዘ። አደይ በሩ ላይ አንገቱን አንቃ ይዛ አልለቅም ስትለው፣ «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እኔ ጫኝ እንጂ ወታደር አይደለሁም» ብሎ እየሳቀ እጆቿን አላቀቀና ሄደ።

ፋሲካ አለፈ። ጣልያን ተሸንፎ ከመቀሌ ወጣ። ሊሄድ ዕቃውን ሲሸክፍ አንድ ሽበታም መካኒክ፣ አባባ ለሰፋለት ካፖርት ውለታ ነው ብሎ፣ ቀለሙ የተላላጠ ጥቁር ብስክሌቱን ሰጠው። በዚያን ጊዜ ከእኛ መንደር ብስክሌት ያለው ሰው አልነበረም፤ አባባም በአርባ ዓመቱ እየወደቀና እየተነሣ ሲማር ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተደግፎ ይስቅበት ነበር። አደይ ግን አትስቅም ነበር። ክረምቱን ሙሉ፣ ከሰሜን በእግራቸው የሚመለሱ ሰዎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ በጭቃ ተለውሰው፣ አንዳንዱም ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲገቡ፣ ዝናቡ እያረፈባት በር ላይ ቆማ ፊታቸውን ታይ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባባ ወሰነ። ትልቁ የአስመራ መንገድ የሚያልፈው በኲሓ ነውና፣ ተመላሾቹን እዚያ ሄዶ ሊጠይቅ አሰበ። እኔን የወሰደኝ የኲሓና የዙሪያዋ ገበሬዎች የእሱን ትግርኛ ሲሰሙ ስለሚስቁና በልጅ አፍ ሲጠየቁ ግን ቶሎ ስለሚመልሱ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከፊት ያለውን ብረት በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ያስቀምጠኝና፣ ከእንዳ ኢየሱስ ዳገት ሥር ስንደርስ አውርዶኝ ብስክሌቱን እየገፋ እኔም ከኋላ እየገፋሁ እንወጣ ነበር። ከላይ ስንደርስ ግን ምድሩ እንደ ሰሌን ይዘረጋል። ግራና ቀኙ ገብስና ስንዴ ነው፤ በየማሳው ዳር አደይ አበባ ፈንድቷል፤ መኪና የለም፣ ሰውም የለም ማለት ይቻላል፤ አባባ መርገጡን ትቶ ብስክሌቱ በራሱ ሲንሸራተት የሚሰማው የነፋሱ ድምፅና የአባባ ትንፋሽ ብቻ ነበር። አራሚዎች ቀና ብለው እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጥለው እስክንርቅ ያዩናል።

እውነቱን ልናገር። እነዚያን እሁዶች እወዳቸው ነበር። ወንድሜን ልንፈልግ እየሄድን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ቅዳሜ ማታ ዝናብ እንዳይጥል እጸልይ ነበር።

ኲሓ ላይ የሚያውቅ አልተገኘም። አንዱ «አስመራ ነው» ይላል፣ አንዱ «እስረኛ ሆኖ ባሕር ተሻግሯል» ይላል። አደይ ሁሉንም ታምን ነበር። አርግዛ ነበር፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ፣ በየእሁዱ ማለዳ ቆሎና ሕምባሻ በጨርቅ ቋጥራ «ምናልባት በመንገድ ላይ ብታገኙት ይርበዋል» ብላ ትሰጠን ጀመር።

ኅዳር ላይ አጨዳው ተጋምሶ ሜዳው ሁሉ ነዶ ሲሆን፣ ከጨለቆት የሄዱ ጫኞች እንደነበሩ ሰማን። ጨለቆት ከኲሓ ወደ ደቡብ ሜዳውን አቋርጦ ያለ ጥንታዊ መንደር ነው፤ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በትልልቅ ዛፎች ተከቦ ከሩቅ እንደ ጥቁር ደመና ይታያል። እዚያ ስንደርስ ተስፋይ የሚባል ሸማኔ ቤት መሩን። ወጣት ነበር። ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች ስለሌለ፣ ጉድጓድ ላይ ያለው የሽመና ዕቃው አቧራ ለብሶ ነበር። አባባ እንዳስተማረኝ ጠየቅሁት፤

«ግርማይ አለሙ የሚባል፣ የመቀሌ ልጅ፣ ረጅም፣ ያውቁ ይሆን?»

ተስፋይ እኔን ሳይሆን አባባን አየ። «ልብስ ሰፊው እርስዎ ነዎት?» አለ። «ኮሌታው ሁለት ጊዜ የተሰፋ ሸሚዝ ነበረው። ‹አባቴ የሰፋው አይቀደድም› እያለ ይኮራበት ነበር።»

አባባ «ነበር?» አለ።

ተስፋይ አንገቱን ደፋ። አንድ መኪና ላይ አብረው እንደነበሩ፣ ቦምቡ ሲወድቅ እሱ እጁን እንዳጣ፣ ግርማይ ግን ሆዱ ላይ ተመትቶ እስከ ማታ «ውሃ፣ ውሃ» እያለ እንደቆየ፣ ውሃ እንዳልነበረ፣ ጓደኞቻቸው በነጋታው መንገድ ዳር ጉድጓድ ቆፍረው አፈር እንዳለበሱት ቀስ ብሎ ነገረን። «ቄስ አልነበረም፣ አቦይ» አለ በመጨረሻ።

አባባ አላለቀሰም። ወጥቶ ብስክሌቱን በመቀመጫው ደፋና፣ ምንም ያልሆነውን ሰንሰለት አውልቆ እንደገና ማስገባት ጀመረ። ያስገባል፣ ያወልቃል። እጁ በዘይት እስኪጠቁር አየሁት። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጦ ጠራኝ።

«ሂሩትዬ፣ ለአደይ አትነግሪም።»

«ለምን?»

«የአባቷን መርዶ የሰማች ጊዜ የያዘችው ጽንስ ወርዶባታል። ይሄንን ስትሰማ ራሷም አትተርፍም። ስትወልድ እኔ እነግራታለሁ። በሥላሴ ማዪልኝ።»

«በሥላሴ» አልኩ።

ቤት ስንደርስ አደይ በር ላይ ነበረች። አባባ ፊቷን ሳያይ «የጨለቆቶቹ ገና አልገቡም፣ በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ ብለውናል» አላት። «ተመስገን» አለችው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ መሄድ ግድ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ባለውም። አደይ ስንቁን ትቋጥራለች፣ እኛ ዳገቱን እንወጣለን፣ ሜዳውን እናቋርጣለን፣ ማንንም ሳንጠይቅ ጨለቆት ዛፎቹ ሥር እንቀመጣለን። አባባ የግርማይን ሕምባሻ ለቆሎ ተማሪዎች እየቆረሰ «ለአንድ ነፍስ» እያለ ይሰጥ ነበር፤ ስሙን ግን ለአንድም ቄስ አልነገረም፣ ስሙ ከተጠራ ወሬው ከእኛ ቀድሞ መቀሌ ይገባል ብሎ ይፈራ ነበርና። በጥር ማሳው ሁሉ ገለባ ሆኖ፣ ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ሲበትነው፣ አንዳንዴ ከጀርባዬ ደረቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ዞሬ አላየሁትም። ማታ ለአደይ ምን እንደምንል በመንገድ ላይ እንስማማለን። እኔ ከእሱ የተሻልኩ ውሸታም ሆንኩ፤ የሌሉ ሰዎች ስም፣ የሌለ ወሬ እፈጥርላት ነበር። አንድ ጊዜ «አስመራ መኪና ጥገና ሲማር ያየው ሰው አለ» ብዬ ብነግራት ይዛኝ ዘፈነች። አባባ ተነሥቶ ወጣ።

በየካቲት አደይ እህቴን በሰላም ወለደች። የአባባ ምክንያት ያን ቀን አለቀ። እሱ ግን «አራስ ናት፣ ትጠንክር» አለ። ከዚያ «ጡቷ ይደርቃል» አለ። ከዚያ «ጾሙ ይውጣ፣ ከፋሲካ በኋላ» አለ። አደይ ለሕፃኗ የቤት ስም አላወጣችም፤ «ስሟን የሚያወጣላት ወንድሟ ነው፣ ዘንድሮ ለፋሲካ ይመጣል» ትል ነበር። አባባ ልጅቷን ታቅፎ በስም ሊጠራት አፉን ከፍቶ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ፋሲካም አልፎ ክረምት ገባ፤ መንገዱም ጭቃ ሆነ።

በዚያ ክረምት ተስቦ ገባ። አባባ በነሐሴ ወደቀ። ሦስተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ጋብ ሲልለት አጠገቡ ውሃ ይዤ ተቀምጬ ነበርና፣ እጄን ይዞ «ስድን እነግራታለሁ፣ ዘንድሮ መስከረም ሳይገባ» አለኝ። እኔም «እሺ አባባ» አልኩት። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶ ሳለ አደይ ደረቷን እየደቃች፣ «ግርማይ ወደይ፣ ልጄ፣ ሲመጣ አባትህ የት አለ ብዬ ልንገረው!» ስትል፣ ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት ሲያለቅሱ፣ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ሻሼን ነክሼ ያዝኩ። ማንም ምን እንደሚያስነክሰኝ አልጠየቀኝም።

ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ጎማው ተኮራመተ። በጥቅምት አደይ እህቴን አዝላ፣ ስንቁን ቋጥራ «ተነሽ» አለችኝ። «አባትሽ የጀመረውን ልጨርስ ነው። መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የምትጠይቁትን ሰው ቤት አሳዪኝ።»

በእግራችን ሄድን። ዳገቱን ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ነጠላዋን ያራግበው ነበር። ገብሱ በስሏል። አደይ እስከዚያ ቀን ሜዳውን አቋርጣ አታውቅም ነበርና፣ «ይሄን ሁሉ በየእሁዱ ያመላልስሽ ነበር?» ብላ ለአባባ አዘነችለት፣ «ምስኪን» አለችው። እኔ ከዚያ በላይ መሄድ አቃተኝ። መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሾህ ወጋሽ?»

«አደይ፣ ግርማይ ሞቷል።»

ቆመች። ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት። «ማን ነገረሽ?»

«ተስፋይ። ለአባባም ነግሮታል።»

«መቼ?»

«በኅዳር።»

«ኅዳር ገና አልገባም፣ ጓለይ።»

«ያለፈው ኅዳር።»

አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር ከዚያ በኋላ በማንም ላይ አላየሁትም። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ወራቱን ቆጠረች። «አርባው አለፈ» አለች። «ሰማንያው አለፈ። ግማሽ ዓመቱ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። ልጄ ያለ ፍትሐት ቀርቶ እኔ ስንቅ እቋጥር ነበር። ዘፍኛለሁ። ሂሩት፣ ዘፍኛለሁ እኮ።»

«በሥላሴ አስምሎኝ ነው» አልኩ።

ሕፃኗን መልሳ አዝላ ቀድማኝ ሄደች። ተስፋይ በሩ ላይ ሲያያት ማን እንደሆነች ሳይጠይቅ ተነሣ፤ እግሩ ሥር ተቀምጣ የተቀበረበትን ቦታ፣ ከበላዩ ድንጋይ ተደርጎ እንደሆነ፣ ፊቱ ወዴት ዞሮ እንደነበር ጠየቀችው። ያወቀውን ነገራት። ከዚያ ቄሶቹ ዘንድ ገብታ ስሙን ነገረቻቸው። «እግዚአብሔር ዘንድ መሽቷል አይባልም፣ እናታችን» ብለው አጽናንተዋት ፍትሐቱን አደረሱለት፤ እሷ ግን አልተጽናናችም። ያለችንን ሁሉ አውጥታ ተዝካሩን ደገሰች፣ እህቴንም በዚያው ሰሞን ካሕሳ አለቻት፣ ካሳዬ ማለት ነው። የአባባ ሙት ዓመት ሲደርስም እንደ ደንቡ አወጣች፤ ቄስ ጠራች፣ ድሃ አበላች። ስሙን ግን አላነሣችም፣ እንባም አልወጣትም።

እኔን አልመታችኝም፤ አልረገመችኝምም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምነግራትን ሁሉ ሌላ ሰው ትጠይቅ ነበር። «ውሃው ፈልቷል» ስላት ተነሥታ ክዳኑን ትከፍታለች። «ዝናብ ጀመረ» ስላት ጎረቤት ተጣርታ ታረጋግጣለች። ባል አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ «ደህና ነኝ አደይ» ብዬ የላክሁላትን ሰው መልሳ «እውነት አይተሃታል?» ብላዋለች። አርጅታ ዓይኗ ሲፈዝ እኔ ነበርኩ የምመራት፤ ያን ጊዜም፣ «እዚህ ደረጃ አለ» ስላት፣ በበትሯ ሳትነካው እግሯን አታነሣም ነበር።

በእኛ ጊዜ በእግር ስንሄድ ፀሐይ ያዘቀዝቅብን የነበረውን ያን መንገድ አሁን መኪና ወዲያው ይጨርሰዋል፤ ከመቀሌ ዳገት በላይ ያለውን ሜዳም ቤት እየበላው ነው፤ የተቀመጥኩበትን ቦታ ብፈልግ አላገኘውም። ሰው በሩቅ ሀገር ሲሞት በዚያው ቀን ስልክ ይደወላል፤ ሽማግሌዎች ማለዳ በር ያንኳኳሉ፣ ቤተሰቡ አብሮ ይጮኻል፣ አርባውም በአርባው ይወጣል። ያን ጊዜ ግን ወሬ በእግሩ ነበር የሚመጣው፤ በመንገድ ላይም ሰው ሊያስቀረው ይችል ነበር። እኔ አሁን አባባ ሲሞት ከነበረው ዕድሜ በላይ ነኝ። ልጆቼ ከውጭ ገብተው ዝም ሲሉ፣ ምን ሆናችሁ ብዬ ከመጠየቄ በፊት፣ አንድ አፍታ፣ ባይነግሩኝ ብዬ እመኛለሁ። ከዚያ እጠይቃለሁ።