በአቼቶ ያሸሁት ጫማ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ስኖር፣ በዊንተር በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሁሉንም ሰው ጫማ አመድ ያስመስለው ነበር። ጨው የጋገረበት ጫማ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሰው ግን ያንገሸግሸኛል። አቼቶ በውሃ በጥብጦ በጨርቅ ማሸት ምን ያቅታል?

እኔ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጥቁር ጫማዬን አሸሁ፣ ቀለም ቀባሁ፣ መስታወት አስመሰልኩት። ሰሞኑን ስለሰፋኝ ካልሲ ደርቤ እሁድ ሄድኩ። እንደ ደንቡ በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ቅዳሴ አልቆ ስወጣ ጫማዬ የለም! በቦታው ጨው የበላው ጉድ ተቀምጧል።

«ጫማ ማጽዳት ያቃተው ሰነፍ መስረቁን ይችልበታል!» ብዬ ጮህኩ።

አንድ ሽማግሌ ዞር አሉ። የኔ ጫማ እግራቸው ላይ ያብለጨልጫል።

«አባቴ፣ ያደረጉት የኔን ነው» አልኳቸው።

«የራሴን ነው፣ ልጄ። ባለፈው እሁድ በጨው ተመሳስሎብህ አድርገኸው ሄድክ። ያ ያንተ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እየጠበበኝ አድርጌው ከረምኩ።» ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። «እንዲህ አሳምረህ ስላመጣህልኝ ተባረክ። የራስህንም አጽዳው እንጂ፣ ነውር ነው።»