ፀጉር አስተካካዩ በፊልም የሞተ ዕለት

ልብስ ሰፊው ሜዳሊያውን ያገኘው የቆሰለ ጓደኛውን ከጥይት መሃል አዝሎ በማውጣቱ ነበር። ታሪኩ ፊልም ሲሠራለት ዳይሬክተሩ፣ «አባባ፣ ሰው ካልሞተ ተመልካች አያለቅስም» ብሎ በፊልሙ ውስጥ ጓደኛውን ገደለው። ልብስ ሰፊውም እሺ ብሎ ፈረመ፤ ነገር ግን አጠገቡ ፀጉር ቤት ከፍቶ ለሚሠራው ለዚያው ጓደኛው መንገር አቃተው።

ፊልሙ በተመረቀ ዕለት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው የአርባ ዓመት ወዳጅነታችን ዛሬ አበቃለት እያለ ሰጋ። በፊልሙ ላይ ቁስለኛው፣ «ወንድሜ፣ ውለታህን አልረሳም» ብሎ በተሸከመው ሰው ጀርባ ላይ ሞተ። አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ።

ፀጉር አስተካካዩም ዓይኑን ጠረገ።

«ሳትነግረኝ ገደልከኝ አይደል?»

«ይቅር በለኝ።»

«ተወው እባክህ። እኔ እኮ ያን ቀን መንገዱን ሙሉ ‹ቀስ በል፣ አንተ አህያ!› እያልኩ ስሰድብህ ነው የመጣሁት። እንኳንም ተዋናዩ አመሰገነልኝ።»