ከአይሱዙው ጀርባ የተተኮሰችው ጥይት

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቅም። ንስሐ አባቴም አያውቁም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን አንዷን ዋጥ አድርጌ፣ መስቀል ተሳልሜ ተነስቻለሁ። እስከ ከትናንት ወዲያ ድረስ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ለአንድ ሰው ነገርኩት። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ።

እኔ አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የማለማ ገበሬ ነኝ። ሰው ያከብረኛል። ሠፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ይጠሩኛል፣ ስናገር ያዳምጡኛል። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ያን ቀን የሠራሁትን ለመሥራት የቻልኩት በዚሁ ክብር ስለሆነ ነው። ሌላ ሰው ጮሆ ቢሆን ማን ያምነው ነበር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ በላይ አንድ ትልቅ እርሻ ቦይ ከፈተና የመስኖ ውሃችን ቀጠነ። የሙዙ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ መጣ። አመለከትን፣ ተመላለስን፣ ሰሚ አጣን። በመጨረሻ ሰልፍ እንውጣ ተባለ። ከታችኛው ሠፈር ከሲቀላ ተነስተን ዳገቱን ወጥተን ላይኛው ሴቻ ካሉት የመንግሥት ቢሮዎች ፊት ልንቆም ተስማማን። ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነበር፤ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ይያዝ ወይስ ቤቱ ይተው?

ጋሽ ሻንካ የሚባሉ የሠፈራችን ሽማግሌ አሉ። የቃለ ሕይወት ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ውሃ ልንጠይቅ ነው የምንሄደው ወይስ ልንዋጋ?» አሉ።

«ጋሽ ሻንካ፣ ጠመንጃ ለለቅሶም ይወጣል እኮ» አልኳቸው። «እንያዝ እንጂ እንተኩስ ማን አለ? እስከ ዛሬ ባዶ እጃችንን ሄደን ማን ሰማን?»

«አንተ ላትተኩስ ትችላለህ። አጠገብህ የሚቆመውን ግን ታውቀዋለህ?»

«ሁላችንም ፈቃድ ያለን፣ ልጅ ያሳደግን ሰዎች ነን። ዱርዬ የለም እዚህ።»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበልኝ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። የፈለገ ይያዝ፣ ያልፈለገ ይተው ተብሎ ተለያየን። ያንን ክርክር ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ያን ማታ በራሴ ኮርቼ ነበር የተኛሁት፤ እሱንም መናገር አለብኝ።

ጠዋት የአባቴን ምንሽር ከግድግዳው አወረድኩ። ፈቃዱ በስሜ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ራሴን ስሸነግል የኖርኩት እዚህች ጋ ነውና። ለመታየት ብቻ የሚያዝ ጠመንጃ ባዶውን ይያዛል። እኔ ግን ጥይት አጎረስኩት። ማን አዘዘኝ? ማንን ፈርቼ ነበር? ውሃ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ጥይት ያጎርሳል? አጎረስኩት፣ አነገትኩት፣ ከቤት ወጣሁ።

ሰልፉ ያምር ነበር። ከዶርዜ የወረዱ ሸማኔዎች ሳይቀሩ ተቀላቅለውናል። ሴቶቹ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ይዘው ያወዛውዛሉ። ጠመንጃ የያዝነው በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ ሰዉ ግን እኛን እያየ ደረቱን ሲነፋ ይታወቀኝ ነበር። እኔም ነፋሁ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። አብዛኞቹ የያዙት ዱላ ነው። መሣሪያ ከያዙት ጥቂቶች አንዱ ታምራት ነበር። አውቀዋለሁ፤ የሴቻ ልጅ ነው፣ እናቱ ገበያ ውስጥ እንሰት የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ክላሹን ደረቱ ላይ አግድሞ ይዞ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጓል። አለቃቸው በድምፅ ማጉያ «ጠመንጃ የያዛችሁ ወደ ኋላ! ሌላው ሰው ይለፍ!» ይላል። ሌላው ሰው ይለፍ ነው ያለው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብል ሰልፉ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ወደ ኋላ ልበል?

ከኋላ ግፊያ በረታ። መንገዱ ዳር ሙዝ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ከግፊያው ለመውጣት ከጀርባው ዞርኩ። ማንም አልነበረም እዚያ። ማንገቻው ትከሻዬን ጎትቶኝ ስለነበር ጠመንጃውን አወረድኩት፣ በእጄ ላብ አለ። ጣቴ እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባረቀ።

ጥይቷ ወደ ሰማይ ነው የሄደችው። ማንንም አልነካችም። ለስንት ዓመት በዚህ ተጽናናሁ፤ ማንንም አልነካችም እያልኩ። ነገር ግን ከአይሱዙው ጀርባ ስወጣ ግማሹ ሰው መሬት ላይ ተኝቷል፣ ግማሹ ይሮጣል፣ አንዲት ሴት ልጇን እየጠራች ትጮሃለች። አንድ ሰው ክንዴን ይዞ «ማነው? ማነው የተኮሰው?» አለኝ።

አምልጦኝ ነው ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ናት። ዝም ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ታምራት።

«ፖሊስ ነው! ፖሊስ ተኮሰ! ያውና፣ እሱ ነው!»

የባረቀው ጠመንጃ አደጋ ነው ልበላችሁ። እጄስ? እጄም ባርቆብኝ ነው? ምላሴም? ጮህኩ። እኔ ነኝ የጮህኩት። አንዴም አይደለም፤ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ደጋግሜ ጮህኩ። እኔ ስል ደግሞ ሰው ያምናል።

ድንጋይ ወረደበት። ታምራት «እኔ አይደለሁም! እኔ አልተኮስኩም!» ይላል፣ ማን ይሰማዋል? አንድ ድንጋይ ግራ ዓይኑን መታው። በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ክላሹ እጁ ላይ ነበር፣ የጎረሰ ክላሽ። ሰው ሊገድለው እየመጣ አፈሙዙን ከመሬት አላነሳም። በደም ታጥቦ እንኳ አላነሳም። እኔ ማንም ሳይነካኝ ተኮስኩ፤ እሱ እየተወገረ አልተኮሰም።

ያተረፉት ጋሽ ሻንካ ናቸው። ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እርጥብ ሣር ይዘው በሰውና በእሱ መካከል ተንበረከኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ማንም አይራመድም። ድንጋይ የያዘው ሁሉ ጣለ። እኔም ተንበረከክሁ። ደሙ እየታየኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተንበርክኬ «በቃ፣ በቃ» እያልኩ ሰው አረጋጋሁ። አመሰገኑኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ቤቴ ገብቼ ጠመንጃውን ጠረግሁ። ቀለሁን ኩልፎ ውስጥ ወረወርኩት። ሚስቴ «ተረፍክልኝ» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የታምራት መሣሪያ ተፈትሾ አልተተኮሰበትም ተባለ። ማን ያምናል? «ቀይረውለት ነው» አሉ። እኔም መካከላቸው ተቀምጬ ነበር፣ ሲሉ ሰማሁ። የግራ ዓይኑ ጠፋ። ሥራውን ለቀቀ። ስሙ «ተኳሹ» ሆኖ ቀረ።

እናቱ ሲሞቱ በሴቻ በኩል አልፌ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፣ የተቀመጠባቸው ግን ከጥቂት ዘመዶች በቀር ሰው የለም። እኛ ዘንድ ለጠላት ለቅሶ እንኳ ይደረሳል። ለእኚያ ሴት አልተደረሰም፤ የተኳሹ እናት ናቸዋ። ታምራት ብቻውን ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ መንገዱን ተሻግሬ በወዲያኛው ዳር አለፍኩ። ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ለማለት እንኳ ድፍረት አጣሁ። ከጥይቷም ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

እንዲህ ተሸሽጌ ልሞት አስቤ ነበር። ግን ሰሞኑን ውሃው እንደገና ቀጠነ። እንደገና ሰልፍ ተባለ። እንደገና ያው ጥያቄ መጣ፤ ጠመንጃ ይያዝ ወይስ አይያዝ? ስብሰባው ላይ ተነስቼ «አይያዝ» አልኩ። እኔ፣ ያኔ ይያዝ ያልኩት።

እስራኤል የሚባል ወጣት ተነሳ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ መምህር ነው። «ጋሼ፣ ባዶ እጃችንን ወጥተን እንደገና ይተኩሱብን? ያን ጊዜ ቀድመው የተኮሱት እነሱ አይደሉም? አንተው በዓይንህ አይተህ የለ? እስቲ መስክር!»

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ሻንካ እንኳ አርጅተው፣ በምርኩዝ ተደግፈው አዩኝ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ያየኛል፣ ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ማለቴ ነበር።

እጅ ወጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይዞ እንዲወጣ ተወሰነ። የእኔ ውሸት ነው ያስወሰነው። አሁን በዚህ ሰልፍ ላይ አንድ ልጅ ቢሞት ማን ገደለው ልትሉ ነው?

በማግሥቱ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ታምራት አሁን እዚያ የዓሣ መረብ ይጠግናል። ሲያየኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ «ጋሽ አሰፋ» ብሎ። አክብሮኝ እኮ ነው። የጮኸበትን ሰው አላየም ነበር ያን ቀን፤ ድንጋዩን ብቻ ነው ያየው።

«ተቀመጥ» አልኩት። ቆሜ ነገርኩት። ጥይቷን፣ አይሱዙውን፣ ጩኸቱን፣ እጄን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። መረቡ ጭኑ ላይ ነበር፣ ጣቶቹ ቆሙ።

ከዚያ «እናቴ እስክትሞት ትጠይቀኝ ነበር» አለ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ተኩሰሃል? ትለኝ ነበር። እሷም አላመነችኝም።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። በእጁ ከለከለኝ።

«ተው፣ ጋሼ። ያን ቀን የጮህከው በአደባባይ ነው። ይቅርታውን እዚህ ሐይቅ ዳር፣ ሰው በሌለበት ለምን ይዘህ ትመጣለህ?»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለና መረቡን አነሳ። እኔም ተመለስኩ።

ይቅር አላለኝም። እናንተም ይቅር በሉኝ አልልም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ አልነበርኩምና። ደንግጬ ነው አልልም፤ ድንጋጤ የአንድ አፍታ ነገር ነው፣ እኔ ዓመታት ዋሽቻለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በእኔ ምስክርነት ጠመንጃ ልታነሱ የወሰናችሁ፣ ውሳኔያችሁ የቆመበትን ነገር እወቁት። ያን ቀን ፖሊስ አልተኮሰም። ታምራት አልተኮሰም። ጠመንጃ ይዘን እንውጣ ብዬ የተከራከርኩት፣ ፈቃድ ያለኝ፣ ልጅ ያሳደግሁ፣ የተከበርኩት ሰውዬ ነኝ የተኮስኩት። የሐሰት ምስክሩም እኔ ነኝ።

አሰፋ ማዳ እባላለሁ። ቤቴን ታውቁታላችሁ።