ከማዮ እስከ ዐማራት፣ በጊንጥ ገለፈት ምክንያት

ጎህ ሲቀድ፣ ማዮ

ዛሬ የቀሰቀሰኝ ንዴት ነው። እህቴ ዘይነባ ዐማራት፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ትናንት ወለል ላይ ከምትተኛበት ፍራሽ ሥር የጊንጥ ገለፈት አገኘችና ፎቶውን ላከችልኝ። ለመዳሟ ብታሳያት «ሞቷል እኮ፣ ምን ያስፈራሻል?» አለቻት። ሞቷል! ወለል ላይ የምትተኛው ሌላ፣ ሞቷል የምትለው ሌላ። ዛሬ ሄጄ ከዚያ ወለል ላስነሳት ነው።

የሰፈሬ የማዮ መንገድ አቧራ፣ ዳር ዳሩ የሚጨስ ቆሻሻ። ሐፍላው፣ ያው አውቶቡሱ፣ እስኪሞላ አይነሳም፤ እንደ ከረጢት ተጠቀጠቅን።

ሱቅ ዐረቢ

የመሃል ከተማው ገበያ፣ ሰው በሰው ላይ። ፉል በዳቦ ቆሜ በላሁ፤ ዋጋው ደግሞ ጨምሯል፣ ማን ይጠየቃል? ከዚያ ረክሻ፣ ባለ ሦስት እግሯን ባጃጅ፣ ያዝኩ። ሾፌሩ ሽማግሌ ነው፤ ፎቶውን አሳየሁት።

«ዐግራብ!» ብሎ ሳቀ፤ ጊንጥ ማለቱ ነው። «ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ልብሱን ነው ጥሎ የሄደው። ባለቤቱን ፈልጉ!»

እኔ ራሴ ከስምንተኛ ክፍል ባልዘልም ይቺን አላጣትም። ጊንጥ አጥንቱ ውጭ ነው። ቆዳው ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ነው፣ አብሮት አያድግም። ሲጠበው ከፊቱ በኩል ይሰነጠቅለትና እየተጎተተ ይወጣል። መቆንጠጫው፣ ስምንት እግሩ፣ የጅራቱ መገጣጠሚያ፣ የመርዙ መርፌ ሳይቀር ቅርጹ ባዶውን ይቀራል። የወጣው መጀመሪያ ለስላሳና ነጣ ያለ ነው፤ ቀን ሲሰነብት ይጠነክራል፣ ከበፊቱም ይተልቃል። ሞቷል ይሉኛል እንዴ!

ዐማራት

ጥላ ያለው መንገድ፣ የብረት በር፣ ጸጥታ። ዘይነባ ከፈተችልኝ። ግቢው ውስጥ ሦስት ዐንገረብ፣ የገመድ አልጋ ማለት ነው፣ ተደርድሯል። የሁሉም እግር ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ቆሟል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጊንጥ እንዳይወጣባቸው። ማታ መዳም ሙዪ ብላኝ እኔው ነኝ የሞላሁት።»

ሰማችሁ? ታውቃለች!

መዳም ብቅ አለች። «ሞቷል ካልሽ ጣሳው ለምንድነው?» አልኳት በዐረብኛ።

«ለልጆቹ ነዋ!»

«ልጆቹ ሁለት ናቸው። ሦስተኛውስ?»

«ለእንግዳ።»

«የታለ እንግዳው?»

«ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

ደሜ ፈላ። ላልመጣ እንግዳ ጣሳ ተሞልቶለታል፣ እህቴ ግን ወለል ላይ! ልጮህ አፌን ስከፍት ዘይነባ «ወንድምዬ፣ ተው» አለችኝ። ሄዳ የእንግዳውን አልጋ በራስጌው ያዘች።

«ያላ፣ በዚያ በኩል አንሳ።»

«ያ ዘይነብ! ወዴት?» አለች መዳም።

«ወደ ክፍሌ። እንግዳው ከመጣ ወለሉ አለለት።»

አነሳሁ። አስገብተን ስንጨርስ ተመልሳ የአልጋውን ጣሳዎች ከነውሃቸው አመጣች፤ አንድም ጠብታ አላፈሰሰች።